አለችኝ

ውጫሌ፣ ስምንተኛ «ለ»፣ ከምሳ ወዲያ ያለው ክፍለ ጊዜ፤
ጣራው በፀሐይ እየተንጣጣ፣ ጠመኔ በጣቴ ይዤ
ሰሌዳውን ከሁለት ከፈልሁት፤ በግራ «ሃቭ»፣ በቀኝ «ሃዝ»፤
«አይ፣ ዩ፣ ዊ፣ ዜይ በወዲህ ይሁኑ፣ እያንዳንዱ "ሃቭ"ን ይያዝ፤
ሂ እና ሺ፣ ኢትም ጭምር፣ ወዲያ ማዶ ለብቻቸው፤
ሩቅ ናቸው፣ ነጠላ ናቸው፣ "ሃዝ" ነው የሚገባቸው።»
ስልሳ ሁለት ልጅ ተቀበለኝ፤ ግማሹ በመንዙማ ስልት፣
ግማሹ በሰንበት ትምህርት ቤት ዜማ፣ አንዱ እያዛጋ፣ በትዕግሥት።

ማታ መብራት እንደ ልማዱ ሄደ፤ ስልኬን ከብርጭቆ አስደግፌ
ደብተር ሳርም አመሸሁ፣ ገጹን በገጽ ላይ አጥፌ፤
የሉባባ ይመር ላይ ቆምሁ። «አይ ሃዝ ኤ ሲስተር» ይላል።
ሰረዝሁት። «ሃቭ» ብዬ ጻፍሁ። ሰው ሲማር ይሳሳታል።
በሳምንቱ ደግሞ «አይ ሃዝ»፤ በሦስተኛው ሳምንትም ያው፤
ከሥሩ «ሂ ሃቭ ፎር ጎትስ»።
የሰነፍ ስህተት እንዲህ አይደለም፣ ሰነፍ ሥርዓት የለው።

ጠራኋት። መስኮቱ ሥር ቆመች፣ የሻሿን ጫፍ እየጠቀለለች።
«ቲቸር፣ አልተሳሳትሁም እኮ» አለች።
«"እህት አለችኝ" ሲባል፣ "አለች" የተባለችው ማን ናት?
እኔማ "ኝ" ነኝ፣ ጭራው ላይ፤ ባለቤቷ እሷ ናት።
ወንድም ቢሆን "አለኝ" እላለሁ፣ ፍየሎች ቢሆኑ "አሉኝ"፤
ግሱ እነሱን ነው የሚያይ። ታዲያ "ሃቭ" በይ ለምን አሉኝ?»

አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬ አንድም ቀን ይህን አላየሁ።
ይህች ከተማ ግስ ታውቃለች፤ ድሮ አንድ ውል ተጽፎባት፣
በአማርኛው ሌላ፣ በጣልያንኛው ሌላ ሆኖ፣ አንድ ግስ አገር አጣላባት።
እኔ ግን የጠመኔ አቧራ ከእጄ እያራገፍሁ ዝም አልሁ።

እሷ አልጨረሰችም።
«ዘምዘም የሄደች ጊዜ ረመዳን ነበር፤ በባቲ በኩል፣ በአፋር፤
ከኦቦክ ደውላ "ነገ ጀልባ ነው" አለች። ከዚያ ወዲያ ባሕር።
ሁለት ዓመት። እናቴ በር ሲንኳኳ "አለች?" ነው የምትል፤
"አይ ሃቭ" ስል ያለሁት እኔ ነኝ።
እሷን የት ላድርጋት? በየት በኩል?»

ምን ልበላት? «አብሽሪ» አልኋት፤ በእኛ አገር ሁሉን የሚሸፍን ቃል።
«ፈተናው ግን በማሽን ነው የሚታረም፤ ማሽን አማርኛ መች ያውቃል?»
«ገባኝ» ብላ ወጣች። ደብተሯን ረሳችው።

ሰኔ ላይ፣ ጥያቄ አሥራ አራት፦ «አይ፣ ባዶ ቦታ፣ ዋን ሲስተር»፤
ሀ «ሃዝ»፣ ለ «ሃቭ»። «ለ»ን አጠቆረች፣ እርሳሷ እስኪሰበር።
ትክክል ነው።
ደስ አላለኝም።

ትናንት ዕቃ ሳስተካክል ያ ደብተር ከመሳቢያ ወጣ፤
በቀይ ከሰረዝሁት ሁሉ ሥር፣ በእርሳስ፣ ዓይን እስኪያጣ
እንደ ጉንዳን ያነሰ ፊደል፦
አለች። አለች። አለች።
ከአሥር ሰባት ሰጥቻት ነበር።
ሦስቱን ለምን እንደቀነስሁ መጥታ ብትጠይቀኝ ልጅቱ፣
መልስ የለኝም።
የሌለው እሱ ነው፤ እኔማ አለሁ፣
የቀይ እስክሪብቶዬን ክዳን
እየከፈትሁ፣ እየገጠምሁ።